ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጠው

አውቶቡስ ሊነሳ ሲል አክስቴ ቦሲቦሪ ጎኑን በመዳፏ ሁለት ጊዜ ትመታው ነበር። ያ የቆርቆሮ ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። በኬንያ፣ በኪሲ ከተማ መናኸሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ የተሳፋሪውን ሁሉ ትከሻ ነክታ ሳትቆጥር መታው አታውቅም። ሾፌሮቹ “ቦሲቦሪ የቆጠረችውን ፈጣሪም አይደግመው” እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አንድ የዝናብ ወር እሷ የሸኘችው አውቶቡስ ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ደግነቱ የሞተ የለም። እሷ የቆጠረችው አሥራ አራት ሰው ነው፤ ካሳ ይገባናል ብለው ኢንሹራንሱን የከሰሱት ግን ሠላሳ አንድ ሆኑ። አንገታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከመጡት አንዱ ታናሽ ወንድሟ ኦምባቲ ነበር። ያን ቀን በቆሎውን ሲያርም የዋለ ሰው፣ ከሾፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ነበር ብሎ ፈረመ።

በችሎቱ ዋዜማ መጥቶ፣ ስትጠየቅ አላስታውስም እንድትል ለመናት። እሷም ክሱን በጠዋት እንዲያነሳ፣ በሐሰት የማለ ሰው የሚጠብቀው ካሳ ሳይሆን እስራት እንደሆነ ነገረችው።

“አንተ ከማልክ እኔም እምላለሁ፤ ዋ!” አለችው።

ሳቀ። እህት ወንድሟን አሳልፋ አትሰጥም ብሎ ነበር።

በማግስቱ ማለ። ቀጥሎ እሷ ተጠራች። ዳኛው ከሾፌሩ ኋላ ማን ተቀምጦ እንደነበር ጠየቋት።

“ድንጋይ ነበር፣ ጌታዬ።”

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። እሷ አልሳቀችም። በአቅራቢያችን ያለችው የታባካ መንደር ድንጋይ ጠራቢዎች ከለስላሳው ድንጋያቸው ጉማሬና ቀጭኔ ቀርጸው ወደ ናይሮቢ ሲልኩ፣ እንዳይሰበርባቸው በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው እንደ ሰው ወንበር ይይዙለታል። ያን ቀን ከሾፌሩ ኋላ ያሉት ሁለቱም ወንበሮች የድንጋይ ነበሩ። የድንጋዩ ላኪም ለሁለቱ ወንበሮች የቆረጣቸውን ቲኬቶች ይዞ ቀረበ።

ክሱ ወደቀ፤ ኦምባቲ በሐሰት በመማሉ ስምንት ወር ተፈረደበት። መንደሩ “ወንድሟን በድንጋይ የለወጠች” አላት። እሷ ግን አንገቷን ሳትደፋ በየቅዳሜው ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ጎመን ቋጥራ ወህኒ ቤት ትመላለስ ነበር። የሚያሟት ሰዎች ራሳቸው፣ ልጃቸውን ብቻውን ሲልኩ ለእሷ ነበር አደራ የሚሰጡት። እኔም የቦሲቦሪ የእህት ልጅ ነኝ ስል ደረቴን እነፋ ነበር።

በተፈታ በሳምንቱ ኦምባቲ ቤቷ መጣ። አቅርባለት በላ። ከዚያ ሳያያት ጠየቃት፦

“እታለም፣ አላስታውስም ብትዪ ምን ነበረበት?”

“ከዚያ ወዲያ በእኔ ቆጠራ ማን ይሳፈር ነበር?”

እጁን ታጠበ፤ ባርኔጣውን አንስቶ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል ወጣ።