የአንድ ኩንታል ጤፍ ኪራይ

እናቴ ሚዛን ተፈሪን የምታውቀው በእኔ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ለእሷ ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ቆላ ነው፤ ቆላ ማለት ደግሞ ወባና በቆሎ ነው። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ የሂሳብ መምህር ሆኜ ሚዛን ስመደብ፣ ልጇ በቆሎ ሲቆረጥም ታያት መሰለኝ፣ በዓመቱ አንድ ኩንታል ጤፍ ከቢቸና ላከችልኝ። ሙዝ ግንዱ ላይ በስሎ ወፍ የሚለቅመው፣ ጎደሬ በየጓሮው የሞላበት አገር ተቀምጬ ለእኔ ስንቅ! ሳቅሁ። ጆንያውን ስፈታ ግን የጎተራችን ሽታ አወደኝና፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ።

ያ ኩንታል የሚመጣበት መንገድ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። መጀመሪያ ከገበሬ ማኅበሩ «ለቀለብ እንጂ ለንግድ አይደለም» የሚል ወረቀት ይጻፍለታል፤ ያለዚያ ኬላ አያሳልፈውም። ከዚያ በአህያ እስከ ቢቸና ከተማ፣ ከቢቸና በጭነት መኪና አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት። አክስቴ ደግሞ በጅማ በኩል ወደ እኛ ለሚመላለስ አንድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ታስረክበዋለች። ሹፌሩ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ፣ ቦንጋን አልፎ፣ ጭቃው ካልያዘው በሦስት ቀን ሚዛን ያደርሰዋል። የመጀመሪያውን ኪራይ እናቴ ትከፍላለች፤ ሁለተኛውን፣ ትልቁን፣ ተቀባዩ እኔ ነኝ።

ይህ ትልቁ ኪራይ ደግሞ ጠባይ አለው። ከኅዳር ጀምሮ ቡና ስለሚጫን መኪናው ሁሉ ወደ ሚዛንና ወደ ቴፒ ይሻማል። ባዶውን ከሚወርድ ብሎ ሹፌሩ እህልህን በርካሽ ይጭንልሃል። ቡናው ካለቀ በኋላ ግን ሲመለስ የሚጭነው የለውም፤ ስለዚህ የመመለሻውን ነዳጅ ሁሉ ከአንተ ኩንታል ላይ ይለቅመዋል። እናቴ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ሦስተኛውን ጤፍ የላከችው ግንቦት ላይ ነው።

ሹፌሩ ድምፁ ከሞተሩ የሚብስ ጎልማሳ ነው። የጠራውን ኪራይ ስሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ጤፉን ነው መኪናውን ነው የምትሰጠኝ?» አልኩት።

«ካልፈለግህ መልሼ እወስደዋለሁ መምህር። የመመለሻውን ግን ትከፍላለህ» አለኝና ከት ብሎ ሳቀ።

ከፈልኩ። ደሜ ፈልቶ ቤቴ ገባሁና፣ የጠመኔው ብናኝ ከጣቴ ሳይለቅ፣ ቁጭ ብዬ ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤ ከተባለ! ከሰላምታው በታች ጤፉ ቢቸና ገበያ ቢሸጥ የሚያወጣውን፣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ኪራይ፣ ከአዲስ አበባ ሚዛን ያለውን፣ የወዛደሩን ሳይቀር በተርታ ደርድሬ ደመርኩት። ያንኑ ኩንታል እዚሁ ቅዳሜ ገበያ ብገዛው በአሥራ አራት ብር ከስሙኒ እንደሚቀንስ አስረዳሁ። «ስለዚህ እባክሽ ከእንግዲህ አትላኪ» ብዬ፣ ተማሪ እንደማርም ሁሉ ከድምሩ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ዛሬ ሳስበው እጄን በቆረጠው እላለሁ።

ክረምቱ ገባ። የሚዛን ዝናብ አንዴ ከጀመረ ፋታ አይሰጥም፤ መንገዱ ተቆረጠ፣ መኪናም ደብዳቤም ጠፋ። ለአዲስ ዓመት ይጽፉልኛል አልኩ፤ የለም። መስቀልም አለፈ። ኅዳር ላይ ሹፌሩ ከአክስቴ የተላከ አንድ ፖስታ አቀበለኝ። የእናቴ ደብዳቤ ድሮ ሁለት ቅጠል ሙሉ ነበር፤ ጎረቤቱ በሙሉ፣ ላሟ ሳትቀር ሰላምታ ትልክልኛለች። የአሁኑ አንድ መስመር ነው። «እኔ ደህና ነኝ። ያልከውን ሰምቻለሁ።»

ይቅርታ ልጽፍላት ስንት ጊዜ እስክሪብቶ አንስቻለሁ መሰላችሁ! ግን ምን ብዬ? ሂሳቡ ልክ ነዋ! ወጣትነትና ትንሽ ትምህርት አንድ ላይ ሲገናኙ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ልክ ከሆንኩ ምን አጠፋሁ ብዬ ከራሴ ጋር ስከራከር ታኅሣሥ አለቀ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ኤንትሬው መጥቶ ከገበያው ዳር ቆመ። ሹፌሩ ዘሎ ወረደና በወዲያኛው በር ዞሮ ሁለት እጁን ዘረጋ። ያ ማንንም የማይለማመጥ ሰው አንዲት ጥቁር ጃንጥላ የያዘች፣ ነጠላዋ በአቧራ ቀይ የሆነ ትንሽ ሴትዮ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አወረደ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ።

ጉንጬን ሳትስመኝ፣ «እንዴት ነህ» ሳትለኝ በፊት እናቴ በጃንጥላዋ ወደ መኪናው ጭነት እያመለከተች፣ «ኪራይ የለበትም!» አለችኝ። «ለተሳፋሪ ጓዙ ነፃ ነው። በል አሁን ደምረው!»

ወይ እናቴ! ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ብዬ እዚያው ከአቧራው ላይ ተንበረከክሁ፤ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም። ገበያተኛው ቆሞ ያየናል። ወዲያው ያች የተረገመች የሂሳብ ጭንቅላቴ ሥራዋን ጀመረች፤ ወሩ ጥር ነው፣ መኪናው ለቡና ባዶውን ነው የሚወርደው፣ ለአንዲት አሮጊት አንድ ኩንታል በነፃ ቢጭን ምን ይጎዳዋል? ልክ ነው አልኩ። ሹፌሩን ላመሰግነው ዞር ስል ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ይፈታል።

እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ድረስ አብራኝ ቆየች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቀድማኝ ገበያ ትወጣለች። ከወደ ጉራጌ የመጣች አንዲት ጤፍ ነጋዴ ነበረች፤ እናቴ እፍኝ ጤፍ ትዘግንና እፍ ብላ፣ ከመዳፏ ላይ አገላብጣ፣ «ይህንን ነው በዚህ ዋጋ የምትሸጭው አንቺ?» ብላ ታፈጥባታለች።

«እማማ፣ ጤፉስ ርካሽ ነበር። የተወደደው መንገዱ ነው» አለቻት ነጋዴዋ አንድ ቀን። እናቴ የዘገነችውን ጤፍ ጆንያው ውስጥ መልሳ አራገፈች። ከዚያ ወዲያ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ፤ ጤፉን ሳትገዛ አጠገቧ ቁጭ ብላ ስታወጋ ትውላለች።

የሙዙ ነገር ግን ከነከናት። አንዲት የቤንች ሴት ሙሉ ዘለላ ሙዝ ተሸክማ መጥታ የጠራችው ዋጋ ለእናቴ ቀልድ መሰላት። «ምን ነክቶት ነው እንዲህ የረከሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነክቶት አይደለም፣ አዲስ አበባ ሳይደርስ ይበሰብሳል፣ የሚጭነው የለም አልኳት። ለሴትዮዋ ከጠራችው አስበልጣ ከፈለቻትና መንገዱን ሙሉ ስትቆጭ መጣች። «አየህ፣ ይህን ሁሉ ደክማ አብቅላ የሚወስድላት ስታጣ... » አለችና ተወችው። እኔ ደግሞ ደንቆሮው ስለ ሙዝ የምታወራ መስሎኝ ስለ መንገድ ሥራ ሳስረዳት ዋልኩ።

የገባኝ በሌላ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በረንዳዬ ላይ ጤፉን በወንፊት ስትነፋ ነው። የትምህርት ቤት ወረቀት እያረምኩ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ወንፊቱን ሳታቆም፣ «ያችን ደብዳቤህን ያነበበልኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው» አለችኝ። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሰው ሰብስቤ፣ ልጄ ጻፈልኝ ብዬ። ልጁ ደግሞ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። አሥራ አራት ብር ከስሙኒ ሲል ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። «እማዬ...»

«ቆይ። ሂሳብህ ልክ ነው። እኔ ደግሞ በሌላ ሰው አስቆጥሬዋለሁ» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ግን ልጄ፣ ካልላክሁልህ እኔ ምንህ ነኝ? ደመወዝ አለህ፣ ቤት አለህ። እዚያ ሆኜ ላጥብልህ፣ ልጋግርልህ አልችል። አባትህ ካረፈ ወዲህ ያን መሬት የማሳርሰው ለማን ይመስልሃል? ስዘራው የአንተ፣ ሳርመው የአንተ፣ ሳስወቃው የአንተ እያልኩ ነው ጉልበት የማገኝ። አትላኪ ስትለኝ አትኑሪ ያልከኝ ነው የመሰለኝ።»

ወንፊቱን ከእጇ ተቀበልኩና እጇን ይዤ አለቀስኩ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እሷ ግን ማልቀሴን አልወደደችውም። «ተው ተው፣ ጤፉን ታረጥበዋለህ» አለችኝ። «አሁንማ መላ አግኝቼለታለሁ። በየዓመቱ እኔው ተሳፍሬ ይዤው እመጣለሁ፤ ነፃ ነው።» ደስ አለኝ። ጉዳዩ በዚሁ የተፈታ መሰለኝ። በቅበላ ሰሞን በዚያው ኤንትሬ ሸኘኋት፤ እስክትሰወር እጇን በመስኮት አውጥታ ታወዛውዝ ነበር።

መጋቢት ላይ ሹፌሩ የመጨረሻውን ቡና ሊጭን መጣ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀረብኩት። «ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ፣ እናቴን ልጠይቅ ከአንተ ጋር እሳፈራለሁ» አልኩት። «አንድ ጆንያ ኮረሪማና ዝንጅብል እይዛለሁ። መቼም ጓዝ ነፃ ነው።»

እብድ እንደሚያይ አየኝ። «ማን ነው ነፃ ያለህ? በዚህ መኪና ላይ በነፃ የሚሄደው ዝንብ ብቻ ነው።»

«እናቴን ከነጤፏ አምጥተህልኝ የለም እንዴ?»

ቆቡን አወለቀና የመኪናው መወጣጫ ላይ ቁጭ አለ። «እናትህ አስምለውኛል እኮ» አለኝ።

«እኔ ልሙት ንገረኝ!»

«የወንበራቸውንም የኩንታሉንም ከፍለዋል። ከቢቸና ጀምሮ። እኔማ ባዶዬን ነው የምወርደው፣ የኩንታሉን ይተዉት ብያቸው ነበር። 'አንተም ልጆች አሉህ' ብለው እጄ ላይ አስጨበጡኝ። መንገድ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ የሚለማመዱት ያንኑ ነበር፤ ለተሳፋሪ ጓዙ ነፃ ነው፣ ለተሳፋሪ ጓዙ ነፃ ነው። ደህና አድርጌ አልኩት ወይ ብለው ይጠይቁኛል።»

«ከየት አምጥታ ነው?» አልኩ።

«ኑጋቸውን ሸጠው ነዋ። እንዳለ ሙልጭ አድርገው። ያውም አጨዳ ላይ፣ ዋጋው መሬት በነካበት ሰዓት። ክረምት ድረስ ቢያቆዩት እጥፍ ያወጣልዎት ነበር ስላቸው፣ 'ልጄ ተቀይሞኛል፣ ክረምት ድረስ አልችልም' አሉኝ። ለጾሙስ ዘይት ከየት ሊያመጡ ነው አልኳቸው። 'በጨው እጾማለሁ' አሉ።»

መጋቢት እኮ ነው፤ ጾሙ ገና አላለቀም። እናቴ በዚያች ሰዓት ሽሮዋን በውኃና በጨው አማስላ ትበላለች፤ እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ ነፃ ጓዝ እጠይቃለሁ። ተቀይሞኛል አለች! ቂሙን የጻፍኩት እኔ፣ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት እኔ፣ ልትታረቅ አገር አቋርጣ የመጣችው እሷ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ሹፌሩ እስኪጭን ሁለት ቀን ነበረኝ። ከቀበሌው ሱቅ የወር ድርሻዬን ዘይት አወጣሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼን ደጅ ጠንቼ የእነሱንም ጨመርኩበትና አንድ ጀሪካን ሞላ። ለዘይቱ መጫኛ፣ ደግሞም ከቢቸና ለሚነሳው ለሚቀጥለው ኩንታል የሚሆን ኪራይ ለሹፌሩ ሰጠሁት፤ ለአክስቴ ያደርስልኛል፣ እሷ ወደ ቢቸና ትልከዋለች። ምስጢሩን ማውጣቱን እናቴ እንዳታውቅ እኔም በተራዬ አስማልኩት።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ በአንድ ወረቀት ላይ ያን ያህል የዋሸሁበት ጊዜ የለም። ለመምህራን ዘይት ተከፋፍሎ ለእኔ በዛብኝ አልኩ። ደመወዝ ስለተጨመረልኝ የመንገዱን ኪራይ በሙሉ ከእንግዲህ እኔ እችላለሁ አልኩ። ለጎረቤቶቹ በስም በስማቸው ሰላምታ ጻፍኩ፣ ልጁ እሑድ ሰው ተሰብስቦ ጮክ ብሎ እንደሚያነበው እያሰብኩ። በመጨረሻም «እማዬ፣ ያንቺን ጤፍ ከበላሁ ወዲህ የገበያው አልዋጥልህ ብሎኛል። ያመጣሽልኝም አልቋል። ቶሎ ላኪልኝ፤ ቸግሮኛል» ብዬ ፈረምኩ።

ይህን ስጽፍ የተደገፍኩት እሷ ያመጣችልኝን የጤፍ ጆንያ ነው። ገና ግማሹም አልጎደለም።