ሰም ብቻ የሆነው ጭራቅ

ጓደኛዬ ጭራቅ መሣል የጀመረችው በመንግሥት ሰዓት ነው። ሐዋሳ ውስጥ የግንባታ ፈቃድ በሚሰጥ አንድ ቢሮ የኮንትራት ንድፍ ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ደረጃና የሰው ሽንት ቤት ጉድጓድ ስትነድፍ ትውልና፣ አለቃዋ ስብሰባ ሲገባ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ ዓይን ያለው፣ ክራባት ያሰረ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ግዙፍ ጭራቅ ትሥላለች። እኔ ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሥዕሉን ያየሁት የአከራዬን ጉዳይ ላስፈጽም ሄጄ መስኮቷ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። "ምን ያስቅዎታል?" አለችኝ ኮስተር ብላ፤ "እንዲያስፈራ ነው የሣልኩት።" እንደሚያስፈራም ነገርኳት፤ ውሸቴን አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ አንቱታው ቀርቶ አብረን መጽሐፍ እየሠራን ነበር።

መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የሚነገር ታሪክ ነው፤ እሷ ትሥላለች፣ እኔ ጭራቆቹ የሚናገሩትን እጽፋለሁ። ጫካው አልቆባቸው ከተማ የገቡ ጭራቆች እንደማንኛችንም ሥራ ይቀጠራሉ። ጅቡ ባጃጅ ይነዳል፤ የታቦር ተራራን ዳገት አልወጣም ብሎ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ያወርዳል። ባለ ሁለት ራሷ ባንክ ቤት ብር ትቆጥራለች፤ አንዱ ራስ ሲቆጥር ሌላው በወሬ ያቋርጠዋል። ባለ አንድ ዓይኑ ደግሞ ቢሮ ነው። ባለጉዳዩን መብላት ይፈልጋል፤ ግን ለመብላት ማመልከቻ ያስፈልጋል፣ ማመልከቻው ላይ ማኅተም ያስፈልጋል፣ ማኅተሙን የያዘችው ሴትዮ ሥልጠና ሄዳለች። ባለጉዳዩም ወንበር ላይ ተቀምጦ መበላቱን ይጠብቃል፤ ቢሮው ሲዘጋ "ታዲያ ነገ ልምጣ?" ይላል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እስቃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ይከፋኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለች አንዲት ጁስ ቤት እንገናኝ ነበር። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ቢሮ መውጣት። "ይሄ ይታተምልኝና በማግስቱ እለቃለሁ" ትላለች። የምትፈራውም አንድ ነገር ነበር፤ ቋሚ መሆን። ሌላው የኮንትራት ሠራተኛ ሁሉ ቋሚ ልሁን ብሎ ይጾማል፣ ይጸልያል። እሷ ግን፣ "ቋሚ ያደረጉኝ ቀን አለቀልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የምለቅበት ወኔ አይኖረኝም" ባይ ናት። እብደት ነው እላታለሁ። እብደት እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር፤ እኔ ራሴ ቋሚ ነኝ።

ስለ ባለ አንድ ዓይኑ አንድ ነገር ደጋግማ ታስጠነቅቀኝ ነበር። "ማንንም ሰው እንዳታስገባበት። ልጅ ሆኜ አክስቴ በቋንቋችን በሲዳሙ አፎ ስትተርክልኝ ጭራቁ ይመጣል፣ ይበላል፣ በቃ። እሱ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እናንተ የአማርኛ አስተማሪዎች ናችሁ ሁሉን ነገር ሰምና ወርቅ ያደረጋችሁት።" ቅር አለኝ፤ እንጀራዬ ነዋ። ክፍል ገብቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ላይ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ። ወርቁን ያላገኘ ተማሪ ማርክ የለውም። ለእሷ ግን ይህ ጭራቅ ሰም ብቻ እንዲሆን ቃል ገባሁላት፤ ቃሌንም ጠበቅሁ።

ሥራው ሲያልቅ ኮፒ አድርገን እዚያው ሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ወሰድነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጹን አንድ በአንድ ገለጡ፤ አንድ ሁለት ቦታ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። እኛ በደስታ ተያየን። ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በሉ ለእኔ እንኳ ንገሩኝ፤ ማን ነው?" አሉ።

"ማንም አይደለም፤ ጭራቅ ነው" አለቻቸው።

"ገብቶኛል ልጄ። ግን ሰውዬው ማን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ላትመው?"

"ሰው አይደለም እኮ አባባ።"

"እሱማ እንደዚያ ማለት አለብሽ" አሉና ኮፒውን በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልን።

ታቦር ሰፈር ባለው ቤታቸው አባቷም አነበቡት። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ጡረተኛ ናቸው፤ ምን ሲባል አጋንንት ትሥያለሽ ብለው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱን አላነሡም። ባለ ሁለት ራሷ ጋ ሲደርሱ ግን ቀና ብለው፣ "እኔና እናትሽ ነን?" አሏት። አይደላችሁም ብላ ብትለምናቸውም ራት ሳይበሉ ወደ መኝታቸው ገቡ። ስትነግረኝ አዘንኩ። ከማዘኔ በፊት ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስቄያለሁ።

ከማተሚያ ቤቱ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ወሬው አለቃዋ ጆሮ ደረሰ። አለቃዋ አጭር፣ ቀጭን፣ ሁለት ደህና ዓይን ያለው፣ ክራባት አስሮ የማያውቅ ሰው ነው። ቢሮው አስጠርቶ እንዲህ አላት፦ "እኔ አጭር ነኝ፤ አንቺ ረጅም አደረግሽው። እኔ ክራባት አላስርም፤ አንቺ አሰርሽለት። ሰው ሰውን ሳይመስል ቢቀር በአጋጣሚ ነው። በሁሉም ነገር ተቃራኒ ሲሆን ግን ታስቦበት ነው።" ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

ነገሩ ወደ ግምገማ ሄደ። ግምገማ ማለት ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ አንዱ ሌላውን የሚተችበት፣ በመጨረሻም ተገምጋሚው ተነሥቶ ራሱ ላይ ሂስ የሚያወርድበት ስብሰባ ነው። የሆነውን ሁሉ ያጫወተችኝ እሷ ናት። ጭራቁ ማን እንደሆነ አውጪ ተባለች። አንዱ አለቃው ነው አለ፤ ሌላው ተነሥቶ ከአለቃውም በላይ ያለው ነው አለ። ማኅተም ያዥዋ፣ ሥልጠና የሄድኩት ተልኬ እንጂ ፈልጌ አይደለም ብላ አለቀሰች። ሁሉም ራሱን እዚያ አግኝቶ ነበርና ተራ በተራ እየተነሣ ተቀየመ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንድም ሰው አልፈራም። የደከመችበት ያ ሁሉ ሥራ ለእነሱ የስድብ ወረቀት ነበር።

ሲያንገፈግፋት ብድግ አለችና፣ "በቃ፣ ጭራቁ እኔ ነኝ" አለች። ልታበሽቃቸው ነበር። አለቃው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ቤቱም ተከተለው። እንዲህ ያለ ጥልቅ ግለ ሂስ እዚህ መሥሪያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም ተባለ። ባለጉዳይ የማጉላላት ችግሯን በሥዕል ጭምር ማጋለጧ ለሌሎች አርአያ እንደሚሆን ተነገረ። ቋሚ እንድትሆን ሐሳብ ቀረበ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። "ቋሚ ሆንኩ" አለችኝ። ከልማድ እንኳን ደስ አለሽ ልል ከንፈሬን ካላቀቅሁ በኋላ ፊቷን አይቼ ወንበር ሳብኩላት።

ሌላ ማተሚያ ቤት ልፈልግ ብላት ተወው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልሣለችም። "ገና እርሳሱን ሳነሣ ፊቱ የሰው ይሆንብኛል" አለችኝ አንድ ቀን። "ጥርስ ሳወጣ የማን ጥርስ ነው እላለሁ፤ ጆሮ ስቀጥል ማን ይቀየም ይሆን እላለሁ።" ቢሮ ገብታ ደረጃና ጉድጓድ ትነድፋለች፤ ደመወዟም ተስተካክሏል። አባቷ አሁን ደስ ብሏቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ነበር። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ሽማግሌ ወዲያ ወዲህ እያሉ የዓሣ አንጀት ይሻማሉ። ድሮ ቢሆን ኮፍያ አልብሳ የባንክ ዘበኛ ታደርጋቸው ነበር፤ አሁን አየት አድርጋ ፊቷን መለሰች። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኝታ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"እንግዲህ አልፏል፤ ለማንም አልናገርም" አለችኝ በለሆሳስ። "እውነቱን ንገረኝ፤ ስትጽፈው ማንን አስበህ ነው?"

ማንንም እንዳላሰብኩ ነገርኳት። አላመነችኝም።