ከጥዱ ላይ የጠራው

ደባርቅ ገበያ አዲስ የተፈለጠ ጥድ በሸተተኝ ቁጥር አባቴ የወጣበት የመጨረሻ ዛፍ ትዝ ይለኛል።

አባቴ ያሳደገን ዛፍ ላይ እየወጣ ቅርንጫፍ በመቁረጥ ነበር። ያን ለታ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ የተጫነ ደረቅ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ወገቡን በጠፍር አስሮ ወጣ። እኔና እናቴ ከደብሩ ቄስ ጋር ከታች ቆመን እናያለን። ድንገት የምሳሩ ድምፅ ቆመና አባቴ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስሜን የጠራኝ ማን ነው? ድምፁ ከበላዬ ነው» አለ።

ማንም አልጠራውም ነበር።

«ያላዩት ሲጠራ አቤት አይባልም፣ ልጄ» አሉት ቄሱ።

«እኔ እኮ አቤት ብያለሁ፣ አባ» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ዛፍ አልወጣም። የጀመረውንም ቅርንጫፍ ለማገዶ እንኳ የነካው የለም። አባቴ ዛሬም፣ በስተርጅናው፣ ስሙን ስንጠራው ዞሮ ፊታችንን ሳያይ አቤት አይልም።