ቅቤ ነጋዴዋ አክስቴና የሚያስተኛው ሐኪም

በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ አክስቴ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለው ቤቷ ቅቤ ስታነጥር ድስቱ ተገለበጠባት። የፈላው ቅቤ ቀኝ እጇን ከክርኗ ጀምሮ እስከ ጣቶቿ ድረስ ላጠው። ጎረቤት ተሯሩጦ ሊጥ ለቀለቀባት፣ ሌላው ማር ጨመረበት። እኔ ዜናው የምሠራበት ጋዜጣ ቢሮ ደርሶኝ በታክሲ ስደርስ እጇ የሰው እጅ አይመስልም ነበር።

አክስቴ የምትኖረው በዚያች እጅ ነበር። ሾላ ላይ ቅቤ የሚመረጠው በዓይን አይደለም። ጣቷን ሰደድ ታደርግና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሽታ ለጋውን ከበሳሉ፣ ሞራ የተቀላቀለበትን ከንጹሑ ትለያለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ያሳደገችው በሁለት ጣቶቿ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሰ ወጣት ሐኪምና አንድ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ይሠሩበታል። ሐኪሙ እጇን አይቶ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረኝ።

«ቁስሉ በየጊዜው እየተፈታ መታጠብ አለበት። ጣቶቹም በየጊዜው መዘርጋት አለባቸው። አለበለዚያ ቆዳው እየተኮማተረ እጃቸው እንደተጨበጠ ይቀራል።»

ችግሩ መፍታቱ ላይ ነበር። ፋሻው ከሥጋው ጋር ይጣበቃል። አክስቴ አስም ስላለባት ሐኪሙ በየጊዜው የሚያደነዝዘውን ኤተር ሊያሸታት አልደፈረም። ጥቂት ጊዜ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ከዚያ አንድ ቀን ጩኸቷ እስከ መንገዱ ተሰማና ስትወጣ፣ «እጄ ይቅርብኝ፤ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልደርስም» አለች። አክስቴ ደግሞ ያለችውን የማታጥፍ ሴት ናት።

ሐኪሙ ሂፕኖቲዝም የሚለውን ቃል ያነሳልኝ በዚያን ቀን ነው። ሰውን በንግግር ወደ ጥልቅ ዕረፍት አስገብቶ፣ ሐሳቡን ከሕመሙ ማራቅ እንደሚቻል ነገረኝ። እኔ ያልመረመርኩትን ነገር ስለማልጽፍና ስለማላምን መጻሕፍት ተዋስኩና አነበብኩ።

ታሪኩ ከጠበቅሁት በላይ የተጠላለፈ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ቪየና ውስጥ የነበረ ሐኪም፣ በሰው አካል ውስጥ እንደ ማግኔት ያለ ኃይል ይፈስሳል፣ እኔም ፍሰቱን አስተካክላለሁ ብሎ ተነሳ። ፓሪስ ሄዶ ጉድ አሰኘ። የፈረንሳይ ንጉሥ ምሁራን ሰብስቦ ነገሩን ሲያስመረምር፣ በሰው አካል ውስጥ ማግኔት የሚባል ነገር የለም፣ የሚሠራው የበሽተኛው ሐሳብ ነው ብለው ፈረዱ። እኔ በበኩሌ ትልቁ ዜና እዚያ ላይ ያለ መሰለኝ፤ ምሁራኑ ግን ሐሳብ ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ ምን እናድርግበት ብለው አልጠየቁም። በኋላ አንድ የእንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪም ማግኔቱን ትቶ ነገሩን በጥንቃቄ አጠና፣ ከግሪክ የእንቅልፍ ስም ተውሶም ስም አወጣለት። ሕንድ የነበረ ሌላ ሐኪም በዚህ ዘዴ ብቻ በሽተኞችን እያስተኛ ቀዶ ሕክምና ሠራ። ወዲያው ኤተር ሲመጣ ሁሉም ወደ ጠርሙሱ ዞረ። ዘዴው ለትርኢት አሳዪዎች ተጣለላቸውና ሐኪሞች መልሰው ያነሱት ገና በእኛ ዘመን ነው።

ይህን ያህል ካነበብኩ በኋላ አክስቴን ለማሳመን ሄድኩ። በስንት ልመና፣ «አንዴ ብቻ» አለች።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እኔ ውጭ ስጠብቅ ነበር። ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ ወጣና፣ «ዓይናቸውን እንኳ አልጨፈኑም። ሚዛን እንደሚጠብቅ ገዢ ያፈጡብኛል» አለኝ። አክስቴን «ያልሠራ አንዴ አይቆጠርም» ብዬ መለስኳት፤ ሐኪሙም በሁለተኛው ቀን አጠገቧ እንድቀመጥ ፈቀደልኝ።

አክስቴ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብላለች፤ ድሬሰሩ ወረንጦውን ይዞ ይጠብቃል። ሐኪሙ ለስለስ ባለ ድምፅ ስሟን እየጠራ፣ «እግርዎ እየከበደ ነው፤ ትከሻዎ እየላላ ነው» ይላል። ስሙን ስሰማ ቀና አልኩ። የአክስቴ ስም አይደለም። ገበያ ላይ ከጎኗ የምትቀመጠው፣ በቦታ ወሰን ተጣልተው ዓመት ሙሉ የተኳረፉት የሌላዋ ቅቤ ነጋዴ ስም ነው።

ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቄ አክስቴን ወደ ውጭ አወጣኋት።

«እትዬ፣ የማንን ስም ነው የሰጠሽው?»

«የዚያችን።»

«ለምን?»

«አፍዝ አደንግዝ ቢሆንስ? ማስተኛቱ ካልቀረ እሷን ያስተኛልኛ! ያኔ ገበያው ይሰፋልኛል።»

«እትዬ!»

«ምን እትዬ ትለኛለህ! እስካሁን እማማ ሲለኝ ቆይቶ ስሜን ጠየቀ። ቀጥሎ የእናቴን ስም ጠየቀ። ስምን ከነእናት ስም የሚጠይቅ ማን ነው? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ ሁሉን አዋቂው!»

ስምን ከነእናት ስም የሚጠይቅ ኮከብ ቆጣሪ ነው። በእሱ ደምሮ ዕጣ ፈንታን ያያል፤ ከከፋም ይደግምበታል ይባላል። አክስቴ ገበያ ውስጥ የኖረች ሴት ናት፤ ፈዝዘው ሙሉ ቦርሳቸውን በእጃቸው ለሌባ ስላስረከቡ ሰዎች የሚወራውን ስትሰማ ነው ያረጀችው። በገዛ ስሟ እንድትተኛ መጠበቅ የዋህነት ነበር።

«የሴትየዋን እናት ስምስ ከየት አመጣሽው?»

«እሱን ፈጠርኩ።»

ገብቼ ለሐኪሙ ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«የእናታቸውን ስም የጠየቅኩት እንዲዝናኑ ብዬ ነው። እንዲህ ነው የተማርነው፤ ሰው ስለ እናቱ ሲያወራ ልቡ ይረጋል ይላሉ።»

«እዚያ አገር ይሆናል» አልኩት። «እዚህ ኮከቡ የሚቆጠርበት ነው የሚመስለው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከሕክምና ይልቅ የገበያ ድርድር ይመስል ነበር። አክስቴ ተመልሳ ተቀመጠችና ሁኔታዎቿን ዘረዘረች። ስም አይነሳም፣ እኔ ከጎኗ አልነሳም፣ የሚላትን ሁሉ አስቀድሞ ይነግራታል፣ ሲያሰኛት ዓይኗን ትገልጣለች።

«ይሁን እማማ» አላት ሐኪሙ። «እኔም ልንገርዎ፤ እርስዎ ካልፈለጉ ይህ ነገር አይሠራም። በግድ የማስተኛት ኃይል የለኝም።»

«በግድ አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«እንዲያ ከሆነ አፍዝ አደንግዝ አይደለማ!» አለችና ወደ እኔ ዞራ፣ «መጀመሪያ እንዲህ ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት?» አለች።

ሐኪሙ ቀዝቃዛና ደስ የሚላትን ቦታ እንድትመርጥ ጠየቃት። እኔ ምንጭ ወይም ወንዝ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የእንጦጦን አናት መረጠች። በወጣትነቷ ማለዳ ዳገቱን ወጥታ፣ ከሱሉልታ የሚመጡትን ቅቤ ሻጮች ገበያ ሳይደርሱ ትቀበላቸው ነበር። ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ውርጭ አድሮበት፣ ጣት ሲገባበት እስከ ክንድ ያቀዘቅዛል አለች።

«እንግዲህ እዚያው ነን» አላት። «ዳገቱን ወጥተዋል። ትንፋሽዎ እየተመለሰ ነው። ኮባው ተፈታ። እጅዎን ወደ ቅቤው ያስገቡ።»

ዓይኔን ሳልነቅል ፊቷን አየሁ። ዓይኗ ቀስ ብሎ ተከደነ። ትንፋሿ ረዘመ። ድሬሰሩ ፋሻውን ከጫፉ ያዘና መንቀል ጀመረ። ሥጋው ጋ የተጣበቀበት ሲደርስ እኔ ራሴ ጥርሴን ነከስኩ። አክስቴ ግንባሯን አንዴ ቋጠር አደረገችና፣ «ሜቃ?» አለች፤ በኦሮምኛ ስንት ነው ማለቷ ነው። ሐኪሙ ዞሮ እኔን አየኝ። መልስ ሳትጠብቅ፣ ተወደደ እንደሚል ሰው ራሷን ነቀነቀች። እጇ ታጠበ። ጣቶቿ አንድ በአንድ ተዘረጉ።

ዓይኗን ስትገልጥ፣ «መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለች። ድሬሰሩ የወለቀውን ፋሻ አሳያት። ፋሻውን አየች፣ እጇን አየች፣ «ሂዱ ወዲያ!» አለችን።

ስለዚህ ነገር ስጽፍ የጋዜጣው አዘጋጅ ርዕሱ ውስጥ «ተአምር» የሚል ቃል ማስገባት ፈልጎ ነበር። እምቢ አልኩ። ያየሁት ቁስሏ ሲታጠብ ያልጮኸች ሴት ነው፤ እሱ ብቻውን በቂ ዜና ነው አልኩት። ቁስሉን ያዳነው መታጠቡና መዘርጋቱ ነው፤ ሂፕኖቲዝም ያደረገው እሷን ከወንበሩ እንዳትነሳ ማድረግ ነው። ጽሑፉ በዚሁ ልክ ወጣ። ዛሬም አንድ ቃል አልለውጥበትም።

ሕክምናው ወደ ማለቁ ሲቃረብ አንድ ቀን አብረን ወደ ክሊኒኩ ወጣን። ሐኪሙ ለሥራ ወደ ገጠር ሄዷል፤ ድሬሰሩ ብቻውን ነው።

«እማማ፣ ዛሬ ዶክተር የሉም። ነገ ይመለሱ» አላት።

«ነገ ገበያ ነው።»

«ታዲያ ማን ያስተኛዎታል?»

«መንገዱን እሱ ነው እንዴ ያሳየኝ? እኔ ነኝ የማውቀው!»

ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። ከአክስቴ ጋር መከራከር ትርፍ እንደሌለው ስለማውቅ ወንበሩን ሳብኩላት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ዓይኗን ጨፈነች። ዳገት እንደሚወጣ ሰው ትንሽ ቁና ቁና ተነፈሰች፣ ከዚያ ትንፋሿ ሰከነ።

«በል ፍታ» አለችው።

ፈታ። አጠበ። ጣቶቿን ሊዘረጋ እጁን ሲሰድድ አክስቴ ቀደመችው። አውራ ጣቷ ተፈታ፣ ሌባ ጣቷ ተከተለ፣ ሌሎቹም ቀስ እያሉ ተዘረጉ። ትንሿ ጣቷ ብቻ ትንሽ አንገራገረች፤ ድሬሰሩ ሳይነካት ጠበቀ፣ እሷም ተዘረጋች።