ሠላሳ ቀንሶ ለሁለት

በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳው ሙደሲር የአሜሪካንን የሙቀት ልክ፣ ፋራናይትን፣ ወደ አገር ቤቱ ሴልሺየስ የሚመልስበት አቋራጭ ነበረው፤ ሠላሳ ቀንሶ ለሁለት ማካፈል። ለአየሩ አሳፍሮት አያውቅም፤ አዲስ የመጣ ሁሉ ከእሱ ተምሯል።

አንድ ጠዋት ልጁን ቡሽራን ትኩሳት ያዛት። ቴርሞሜትሩ መቶ አራት አለ። አሰላና ሠላሳ ሰባት ሲመጣለት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አለ። ግንባሯ ግን እጁን ፈጀው፤ ሲጠራትም አልመለሰችለትም። ነርሷን ጎረቤቱን ዓሪፋን ኮል አደረጋት።

«መቶ አራት? አርባ ዲግሪ ነው እኮ! ያ ስሌትህ ለትኩሳት አይሆንም! አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ውሰዳት!»

ልጁን ታቅፎ ደረጃውን በሩጫ ሲወርድ፣ አቋራጩን ያስተማራቸው ሰዎች ፊት ድቅን አለበት። ሁሉም ልጆች አሏቸው።