ለጠፋው መንገደኛ የተደረገ ዱዓ

የኢስራ አባት ደሴ ዙሪያ ካሮትና ድንች ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ አውሮፕላን የሚያውቁት በማሳቸው ላይ ሲያልፍ ብቻ ነው። ያን ዕለት ጧት ግን፣ አላህ ሲያመጣው፣ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተገኙ። ከአሱር ሶላት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የልጃቸው የኢስራ ኒካህ ይታሰራል። ወሊዋ፣ ማለትም በኒካሁ ላይ በአንደበቱ የሚድራት፣ እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ «ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ውክልና ይስጡ» ቢሏት «አባቴ በአፉ ‘ሰጥቻለሁ’ ካላለ አልዳርም!» ብላ ትኬት ቆርጣ ላከችላቸው።

ግራ መጋባቱ ከበሩ ጀመረ። «ጫማዎን ያውልቁ» ሲሏቸው፣ «እሰይ! ውስጥ መስጊድ አለ ማለት ነው» ብለው በደስታ አወለቁ። ሻንጣቸውን የተቀበለችው ሴት አንድ ወረቀት ሰጥታ ወደ ውስጥ ጠቆመቻቸው። በጣቷ አቅጣጫ ያዩት ሻይ ቤቱን ነበር፤ ሄደው ቁጭ አሉ። ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? ዕቃህ ከተጫነ መኪና ጥሎህ አይሄድም፤ ሲሞላ ረዳቱ ራሱ ሻይ ቤት ድረስ መጥቶ ይጠራሃል። የመናኸሪያ ሕግ ይኸው ነው።

የሻይ ቤቷ ባለቤት ሥርጉት ሻይና የምስር ሳምቡሳ አቀረበችላቸው። «ኑ፣ እንብላ!» አሉ ግራ ቀኙን። ሰዉ ሻንጣውን እየጎተተ ውልቅ ውልቅ አለ።

«ምን ጉድ ነው? እንብላ ሲሉት የሚሮጥ ሰው አለ?»

ወዲያው ከጣሪያው አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያ ተጣራች። «መንገደኛ አቶ አብዱልባሲት ሰይድ፣ በአስቸኳይ ወደ መሳፈሪያው በር ይምጡ!»

«ምስኪን!» አሉ የኢስራ አባት፣ ሳምቡሳቸውን እየገመጡ።

ደግማ ጠራች። ቆየት ብላ ደግሞ «የመጨረሻ ጥሪ ነው» ስትል አንጀታቸው አልቻለም። ብርጭቆውን አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ! ይህ ሰውዬ የት ገብቶ ይሆን? የሚጠብቀው ሰው ይኖረዋል። አድርሰው! ከደጅ አትመልሰው!»

ሥርጉት ማተቧን ያሰረች ክርስቲያን ናት፤ ግን ወሎዬ አይደለች? ዱዓ ሲደረግ እንዴት ዝም ትላለች! ትሪዋን አስቀምጣ መዳፏን ዘርግታ «አሚን! አሚን!» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ጠረጠረች።

«አባባ፣ የእርስዎ ስም ማነው?»

«የኢስራ አባት።»

«እሱን አይደለም! መታወቂያዎ ላይ ያለው።»

ኢስራ ከተወለደች ወዲህ ሚስታቸውም ጎረቤታቸውም በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም፤ «አቶ» ያላቸውማ ጭራሽ የለም። ደንገጥ ብለው ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። ሥርጉት ቀድማ አነበበችው።

«ኧረ በማርያም! እርስዎን ነው እኮ!»

«ወላሂ... እኔ ነኝ!»

የታመመውን ጉልበት ማን አስታወሰው! ሥርጉት ከፊት «ቆዩ! አትዝጉ! አግኝቻቸዋለሁ!» እያለች፣ እሳቸው ከኋላ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ልትዘጋ ስትል ደረሱ።

«አቶ አብዱልባሲት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» ለማለት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ልጃቸውን ዳሩ ማለት እኮ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ሲመለሱ፣ ኢስራ በሌለችበት ቤት፣ ሰው ምን ብሎ ሊጠራቸው ነው? እንባቸው መጣ።

«የኢስራ አባት ነኝ» አሉ። «ያ ሰውዬም እኔው ነኝ። አስገቢኝ ልጄ፣ ኢስራዬን ልሰጥ ነው።»