የጥሩነሽ ድንች በፎርኖ

ባለፈው ሰሞን ልደታ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ከተከፈተ አንድ ካፌ ገብቼ ሜኑ አነሳሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ስለሆነ ዛሬም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፤ አላፍርበትም። ጣቴ አንድ የተጠማዘዘ የፈረንጅ ስም ላይ ደረሰ። ከሥሩ በአማርኛ «ድንች፣ ወተት፣ ቺዝ፣ በኦቨን የተጋገረ» ይላል። አስተናጋጇን ምን ዓይነት ምግብ ነው ብላት «አዲስ ነው ጋሼ፣ እዚህ አገር ገና መግባቱ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ያሏትን ነው የምትለው። እኔ ግን «ገና መግባቱ ነው» የተባለውን ምግብ በልጅነቴ አናቴ ላይ ተሸክሜ የተመላለስኩበት መሬት ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ሲሚንቶ ስላፈሰሱበት መሬቱ ሌላ አይሆንም።

ልጅ እያለሁ እናቴ ጥሩነሽ አንዲት አሮጊት ጣልያን ቤት ወጥ ቤት ነበረች። «ሲኞራ» ነበር የምትላት። ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ ገና ግራ ቀኙን የሚያይበት ጊዜ ነው። አባቴ ከጦር ሜዳ አልተመለሰም። ታናሽ እህቴን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አለቀ፤ ስለዚህ ብዙ የሚወራ የለም። እናቴ ከሲኞራዋ ቤት ያመጣችው እጇ የለመደውን ብቻ ነው። ከለመደችው ሁሉ ደግሞ ለእኛ ኑሮ እንዲሆን አድርጋ የገራችው ድንች በፎርኖን ነበር።

ድንቹን ከነልጣጩ ትቀቅልና ትኩሱን ከእጅ እጅ እያቀያየረች፣ እፍ እፍ እያለች ትልጠዋለች። ዱቄት በቅቤ አቁላልታ ወተት ታፈስበታለች፤ እንዳይጓጉል ማማሰል የእኔ ሥራ ነበር። ሲኞራዋ ከላይ እስከ ታች በፎርማጆ ነበር የምታሠራው። እኛ ፎርማጆ ከየት እናመጣለን? እናቴ አይብ በነጠላ ጨርቅ ጨምቃ በስሱ በተቆረጠው ድንች መሀል መሀል ትበትናለች፣ ቃሪያ ትከትፍበታለች፣ ኮሰረት የገባበት ቅቤ ታንጠባጥብበታለች። እንደ ሳሙና ቁራጭ የደረቀች ፎርማጆ ካለች ላዩ ላይ ብቻ ትፈቀፈቃለች። ትሪው ተክለ ሃይማኖት ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ጋ ከዘይት ቆርቆሮ ያሠራችው ነው። ሲበስል ዳር ዳሩ ያርርና ቅርፊት ይሠራል። ያቺን ቅርፊት ከእህቴ ጋር እየተጣላን ስንፍቅ የነበረው ጣዕም እስካሁን ከምላሴ አልወጣም።

ቤታችን ፎርኖ የለም፤ የማን ቤት ነበር? የሰፈሩ ፎርኖ የጋሽ ሸምሱ ዳቦ ቤት ነው። ጋሽ ሸምሱ ከወሎ የመጡ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው ነበሩ። ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበት የጌጃ ሰፈር ሰው የበዓል ድፎውንም ብስኩቱንም እሳቸው ጋ ይወስዳል፤ እሳቸውም ከዳቦው ጎን ቦታ ፈልገው በረጅሙ እንጨታቸው ወደ ውስጥ ይገፉለታል። የእኛም ትሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ይገባል። ባህር ዛፉ ሲነድ፣ ዳቦው ሲያብጥ፣ የእኛ ቅቤ ሲቀልጥ ሽታው አንድ ላይ ሆኖ እስከ አስፋልቱ ይወጣ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያያል፣ ሁሉም ሰው ያሸታል።

ሲኞራዋ አሳማ ትበላ ነበር። እናቴ ትጠብስላት ነበር፤ አልደበቀችውም። «እሠራለሁ፣ አልበላም» ነው መልሷ። ሰፈራችን ክርስቲያኑና እስላሙ ተቃቅፎ የሚኖር፣ በሥጋ ግን የሚለያይ ነው። በሠርግ ለእያንዳንዱ የየራሱ ዳስ ይጣላል፣ የየራሱ ድስት ይጣዳል። በእናቴ እጅ ጉዳይ ግን ሁለቱም ዳስ ረክሷል ብሎ ተስማማ። ለድግስ ስትጠራ የሚሰጣት ሥራ እንጨት መፍለጥ ነበር። ሽንኩርት እንኳ አያስልጧትም። እኔም ብይ ስጫወት «የአሳማዋ ልጅ» ነበርኩ። ቆሎ ሳቀርብላቸው ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ ይደብቃሉ። ያን ጊዜ ጫማም ደብተርም አልተመኘሁም። የተመኘሁት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አገር እያየ ከእናቴ እጅ ወስዶ ሲበላ ማየት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የእትዬ አልጋነሽ ልጅ ሠርግ ደረሰ። አልጋነሽ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናት፤ ያለ እሷ ፈቃድ ሰፈሩ ውስጥ ድስት አይጣድም። «እትዬ» የምላት ከልማድ ነው፤ አንቱታውን ለሚገባቸው አስቀምጬዋለሁ። የዋዜማው ዕለት እናቴ መጥረቢያዋን እንደያዘች ጠጋ አለቻት።

«እትዬ አልጋነሽ፣ ነገ ትሪዬን ይዤ ልምጣ። ሥጋ የለበትም፤ ሁለቱም ዳስ ይበላዋል።»

«ድንች? ለሠርግ? አማቾቼ ፊት ልታዋርጂኝ ነው? አንቺ ፍልጡን ፍለጪልኝ፣ እሱ ይበቃሻል።»

ድስቱ ዙሪያ ያሉት ሴቶች ሳቁ። አንዷ ደግሞ «በምን ቅባት እንደምትሠራውስ ማን ያውቃል!» አለች። እናቴ መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ቤቷ ገባች። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ ቀምሰውት አያውቁም እኮ» ብላ ድንች እንድገዛ ላከችኝ።

እሁድ ጠዋት በራችን ላይ፣ መንገደኛው እያየ ሠራችው። ሰው ቆም ብሎ ሲመለከት የቅቤውን ቅል ከፍታ «አሽትቱት፣ አትፍሩ፣ አይነክስም» ትላለች። ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ስንደርስ የሠርጉ ድፎ ፎርኖውን ሞልቶታል። እየሰደቡንም እየሳቁም ድፎዎቹን ገፋ ገፋ አድርገው ለእኛ ቦታ አበጁልን። ሲበስል ጆንያ አናቴ ላይ አነጠፈችልኝና ተሸከምኩ። ሙቀቱ በጆንያው አልፎ ራሴን ይልጠኛል፤ እኔ እቴ፣ ንጉሥ ነበርኩ።

ሠርግ ቤት ይዞ የመጣን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ነው። በር ላይ የቆሙት ጎረምሶች ተያዩ፣ ከዚያ መንገድ ለቀቁ። እናቴ ቀጥ ብላ ሁለቱ ዳሶች የሚገናኙበት ቦታ ካለው ጠረጴዛ ላይ ትሪውን አስቀመጠች። አልጋነሽ ነጠላዋ እየተጎተተ መጣች፤ አማቾቿ ግን እያዩ ስለነበር ጥርሷን ለማሳየት ተገደደች። እናቴ ጥጉን ቆርጣ ሁሉም እያየ መጀመሪያ ራሷ በላች። ሁለተኛውን ቆርጣ አነሳችው፤ የላይዋ ፎርማጆ እንደ ክር ተስባ ተከተለቻት።

«እትዬ አልጋነሽ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ጉርሻ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ጉርሻ እምቢ ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው አይነገርም። አልጋነሽ ግራ ገባት፣ ቀኝ ገባት፣ መጨረሻ ላይ አፏ ያመጣላትን አለች፦ «ጾም ላይ ነኝ።»

ከአማቾቹ መካከል ጥምጥማቸው እንደ ጎመን የተነባበረ አንድ ቄስ ነበሩ። ጆሯቸውን አዞሩ። «ምን አልሽ ልጄ? በሃምሳው? ያውም በእሁድ? ማነው ያጾመሽ?» ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። የእናቴ እጅ ግን እዚያው ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ እጇን ብቻ ነበር የማየው።

በዚህ መሀል ጋሽ ሸምሱ ከእስላሙ ዳስ ተነስተው መጡ። ለክብሩ ኮት ለብሰዋል፣ ቅንድባቸው ግን ያው ነጭ ነው። መዳፋቸውን ዘረጉ። «ለኔ ስጪኝ ጥሩዬ።» አስቀመጠችላቸው። ቢስሚላህ ብለው በሉ፣ ዝግ ብለው አኘኩ፣ ጣታቸውን ላሱ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ይኼ ትሪ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከዳቦዬ ጎን ነው የሚበስለው። ዳቦዬን ያልበላ ሰው እዚህ አለ? የዛሬው ድፎም ከሱ ጋር ተጠጋግቶ ነው የበሰለው። ይኼ ከረከሰ፣ አፋችሁ ውስጥ ያለውን ምን ልታደርጉት ነው?»

አንድ ወፍራም ሚዜ ድፎ በጉንጩ እንደያዘ ማኘክ አቆመ። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ማኘኩን ቀጠለ። ቄሱ «እውነት ነው ባክህ» ብለው ሳህናቸውን አቀበሉ፤ ቀጥሎ ሰው ከሁለቱም ዳስ መጣ። እስላሙና ክርስቲያኑ ከአንድ ትሪ ሲወስድ በዚያ ሰፈር ሠርግ ላይ ያን ዕለት ነው ያየሁት። ብይ የምጫወታቸው ልጆች ቅርፊቷን ሊለምኑኝ መጡ። አልሰጠኋቸውም።

ትሪው ሊያልቅ ሲል አልጋነሽ ሳህን ይዛ ብቅ አለች። «በይ እስቲ፣ ለኔም ጣል አድርጊልኝ።» እናቴ ሳህኑን አልተቀበለቻትም። ቆረጠችና በእጇ ወደ አፏ አቀናች። አልጋነሽ ወደ አማቾቿ አየች፣ አፏን ከፈተች፣ ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለተኛው ነው የሚያፋቅረው ይባላል። እናቴ ይህን ተረት አሳምራ ታውቃለች። አንድ ብቻ ሰጥታት ትሪዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለማንም ድግስ እንጨት አልፈለጠችም። ሲጠሯት ወይ ከትሪዋ ጋር ትሄዳለች ወይ ትቀራለች። ይጠሯት ነበር።

እናቴ አሁን የለችም። ጌጃ ሰፈርም እንደምናውቀው የለም፤ ዳቦ ቤቱ ፈርሷል፣ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ኦቨን ግን በየቤቱ አለ። የሕንጻችን ነዋሪ ሲሰበሰብ ድንች በፎርኖ የምሠራው እኔ ነኝ፤ «ሰውዬው ቀሚስ ይግዛ» እያሉ ይሳለቁብኛል፣ ጥጋቸውን ይያዙ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዛሬ ምግብ በፎይል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ሰው ይበላል፣ የማን እጅ እንደሠራው የሚጠይቅ የለም። ያኔ እጇን ተጸየፉት፤ ክፉዎች ነበሩ፣ ምሕረት የለኝም። ግን እጁ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለው ዘመን ይናፍቅሃል ብትሉኝ፣ አዎ ይናፍቀኛል። ታግለን ያሸነፍነው እዚያ ነው።

ስለዚህ ቢላዋ ከማንሳቴ በፊት ጮክ ብዬ «ይህ የጥሩነሽ ድንች በፎርኖ ነው» እላለሁ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት ወጣት ጎረቤቴ ሳህኗን እንደዘረጋች «ጥሩነሽ ማናት?» አለችኝ። ሳህኗን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ተቀመጪ፤ ሳልነግርሽ አትቀምሺም» አልኳት። ሌሎቹም ወንበር ሳቡ። ከእንጨት ፈለጣው ጀመርኩላቸው። ድንቹ ቀዘቀዘ።

ይቀዝቀዝ።